ልብስ ለባሹ

አያቴን አክቱጋንን ዛሬ እንደ ቅዱስ ነው የሚያዩት። በጸሎት ደኑ መግቢያ ላይ ስሙን በእንጨት ቀርጸው አቁመውለታል። ከከተማ በአውቶቡስ የሚመጡት ወጣቶች እሱ ሥር ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። እኔንም የልጅ ልጁ ናት ብለው ከፊት ያስቀምጡኝና፣ «እማማ ኡናቪ፣ ደኑን እንዴት እንዳዳነው ንገሪን» ይሉኛል። የተማሩ ሰዎች ናቸው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን ዓይን ነበረኝ። «ጥሩ አድርጎ አድኖታል» እላቸዋለሁ፤ ከመሥዋዕቱ ሥጋ ድርሻዬን እበላለሁ፤ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። እንዴት እንዳዳነው ግን ይኸውና።

ያን ጊዜ የወተት ጥርሴ ገና እየወለቀ ነበር። አባቴ ያናይ ወደ ጦርነቱ ሲሄድ እኔ አንቀልባ ላይ ነበርኩ አሉ። ጦርነቱ አለቀ፤ የሞተው ሞተ፣ የተረፈው እግሩን እየጎተተ ገባ፣ የእኔ አባት ግን ደብዛው ጠፋ። ከእሱ የቀረን ከመስኮቱ አጠገብ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ኮፍያና እናቴ ማይራ የጠለፈችለት አንድ ነጭ ሸሚዝ ነው። ኮፍያውን በየሳምንቱ አቧራውን ታራግፍለታለች። እኔ አባት ማለት ኮፍያ መስሎኝ ነው ያደግኩት።

አያቴ የአባቴ አባት ነው። የመንደራችን የጸሎት መሪም እሱ ነበር፤ ያን ጊዜ በይፋ መጸለይ ስለተከለከለ ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም ስሙን የማይጠራው መሪ። እኛ ማሪ የምንባል ሕዝብ ቤተ ክርስቲያን የለንም፤ ደን አለን። ነጭ ባርኔጣውን ብብቱ ሥር ደብቆ፣ እጄን ይዞ፣ በድንች ማሳው በኩል ይወስደኛል። ደኑ ውስጥ ስንገባ ድምፁ ራሱ ይለወጥ ነበር። የሊንደን ዛፉ አበባ የማር ሽታ፣ ግንዱን የሸፈነው እርጥብ የዛፍ ሽበት ሽታ፣ የሰሙ ሽታ። ጆሮዬን ግንዱ ላይ አስደግፎ፣ «ትሰሚያለሽ?» ይለኛል። እኔ ምንም አልሰማም፤ ግን «አዎ» እለዋለሁ።

«እዚህ ውስጥ አይጮኽም» ይለኛል። «አይተፋም። ቅርንጫፍ አይሰበርም። አይዋሽም።»

ይህንን የመጨረሻውን ሲል ስለ ጆሮዬ ያወቀብኝ እየመሰለኝ አፍር ነበር።

እያንዳንዱ ትልቅ ዛፍ የአንድ አምላክ ነው። ኦኩ የነጎድጓድ፣ በርቹ የእናት ምድር፣ ከሁሉ የሚበልጠው ሊንደን ደግሞ የታላቁ የዩሞ። እኔ ግን ትልልቆቹን ዛፎች የትልልቅ ሰዎች ጉዳይ ይበዛባቸዋል ብዬ፣ ከደኑ ዳር አንዲት ጠማማ ሊንደን መረጥኩ። ማንም የማይጸልይባት፣ ወደ መንገዱ ያጋደለች ነበረች። በየቀኑ የዳቦ ፍርፋሪ ሥሯ አስቀምጥላታለሁ። ስመለስ ፍርፋሪው የለም፤ ጉንዳኖች ይዘውት ይሄዳሉ። ጉንዳኖቹ የዛፏ እጆች ናቸው ብዬ አምን ነበር። ዛሬም ቢሆን ነገሩ ከዚያ ብዙ የራቀ አይመስለኝም። የምለምናት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቴን አምጪልኝ።

ሜትሪ የኅብረት እርሻው አለቃ ነው። ሚስቱ የሞተችበት፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ የማያስቅ ሰው። ዓሣ ይዞልን ይመጣና ሻዩ እስኪበርድ ይቀመጣል።

«አንቺ ማይራ» ይላል፣ «እስከ መቼ ነው ለአንድ ኮፍያ አልጋ የምታነጥፊው?»

«ኮፍያው ካንተ ይልቅ ዝም ማለት ያውቃል» ትለዋለች እናቴ፤ ዓሣውን ግን ትቀበለዋለች።

አንድ ቀን ለአያቴ ሲነግረው ሰማሁ። «ከወረዳ መጥተው ነበር፣ አባ አክቱጋን። ለድልድዩ ግንድ ይፈልጋሉ። ዓይናቸው ደኑ ላይ ነው። ረግረግ ነው፣ ጋሪ አይገባበትም አልኳቸው። አምናም እንደዚያው ነው ያልኳቸው። ለከርሞ እንጃ። ባዶ ቤት ገብቼ ስቀመጥ ውሸቱ ይጠፋብኛል።»

አያቴ ጢሙን አሻሸ። «ቤትህ ባዶ አይሆንም» አለው።

እኔ ለሜትሪ ድመት የሚሰጠው መስሎኝ ነበር። የእኛ ድመት በዚያ ሰሞን ወልዳ ነበርና፣ ግልገሎቹን ወስጄ ደበቅኋቸው።

ከዚያ በኋላ ነው አያቴ፣ «ልጄን እሸኛለሁ። መቃብር ባይኖረውም መንገድ ይኑረው» ያለው። እናቴ እህል ልታስፈጭ ወንዝ ማዶ ተነሣች።

እኔ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በእኛ ዘንድ ሙት ሲሸኝ አንድ ሰው ልብሱን ይለብስለታል። የሟቹን ስም ይጠሩታል፣ በሟቹ ቦታ ያስቀምጡታል፣ ያበሉታል፣ ያጫውቱታል፤ እሱም እንደ ሟቹ ሆኖ ይመልሳል። ጎረቤታችን አሮጊቷ ኦቭሮሲ ስትሞት ሻሿን ያሰረችው ሴት ገና ከመቀመጧ ምራቷን ይዛ፣ «ይሄ ዳቦ ነው? በቁሜም ሆዴን ይነፋኝ ነበር» ብላ አስለቅሳታለች። ምራትየዋ የማልቀሷን ያህል እየሳቀች እግሯን ሳመቻት። ታዲያ መልኩን የማላስታውሰው አባቴ በሰው ላይ ሆኖ ሊመጣልኝ ነው። ለባሹ ከወንዝ ማዶ የሚመጣው የልጥ ጫማ ሠሪው ኦንቶን ነበር። በቁመት አባትሽን ያህላል ብለውኛል።

በሽኝቱ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እናቴ ገና ሳትመለስ፣ አያቴ የእንፋሎት ቤቱን ሲያሞቅ፣ እኔ ፍርፋሪዬን ይዤ ወደ ጠማማዋ ዛፌ ሄድኩ። ሥሯ ሰው ተቀምጧል። ካፖርቱ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል፤ ጫማው በገመድ ታስሯል። ከአንድ ጣቱ ላይ ጥፍር የለም። ሲያየኝ ለመነሣት ሞከረና መልሶ ተቀመጠ።

«የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ በማሪኛ፣ በእኛው መንደር አነጋገር።

«የያናይ ነኝ።»

አፉን በመዳፉ ያዘ። እኔ መቼም አላዋቂ መባል አልወድምና ወዲያው አወቅሁት።

«ኦንቶን ነህ፣ አይደል?» አልኩት። «ቀድመህ መጣህ። ውሃው ገና አልፈላም። ና፣ በጓሮ በኩል ላግባህ፤ ሰው ካየህ አይሆንም።»

ለባሽ የሟቹን ልብስ ሳይለብስ መታየት የለበትም ብዬ ነው። እሱ ግን፣ «አዎ፣ ሰው አይየኝ» አለና ተከተለኝ።

አያቴ ማገዶ እንደታቀፈ ከእንፋሎት ቤቱ በር ላይ ነበር። «አባባ» አልኩት፣ «ልብስ ለባሹ መጣልህ። ቀድሞ ነው የመጣው።»

እንጨቱ ከእጁ እግሩ ላይ ወደቀ፤ አላለቀሰም፣ አልተሳደበም። ሰውየውን አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። ረጅም ጊዜ እኔን ነው ያየው። አሁን በእሱ ዕድሜ ሆኜ ሳስበው፣ ያኔ ፊቴ ላይ የሚፈልገውን አገኘ።

«አዎ» አለ። «ለባሹ ነው። ቀድሞ መጣ።»

ቃሉን ያቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ከመሬት እንደወደቀ ቢላዋ አነሣው። ደኑ ውስጥ አልነበርንም። ተጠንቅቆ፣ ከደኑ ውጭ ነው የዋሸኝ።

ይዞት ገባ። እኔ ከእንጨቱ ግድግዳ ጀርባ ቁጢጥ ብዬ ሰማሁ። ውሃ ሲፈስ፣ የጋለው ድንጋይ ሲጮኽ፣ ከዚያ የእንግዳው ድምፅ።

«ማይራስ?»

«ደህና ናት።»

«ትጠብቀኛለች?»

ውሃ ፈሰሰ።

«አንድ ሌሊት ብቻ ልደር፣ አባዬ።»

«ካንተ በኋላ ፖሊሶቹ አንድ ቀን አይቆዩም። ከእስረኞቹ የማዕድን ጉድጓድ ሸሽተህ ነው የመጣኸው፤ የእጅህ ሁኔታ ይናገራል። ቤቱን ይበረብራሉ። ደኑን ይበረብራሉ። ሜትሪ ያኔ አፉን ይከፍታል።»

«ስለ ዛፍ ነው የምታወራኝ?»

«ስለ አደራ ነው የማወራህ።»

«ልጄንስ?»

«ታይሃለች። ታበላሃለች። ከዚያ በላይ አትጠይቀኝ።»

እኔ ግድግዳው ሥር ሆኜ አደነቅሁ። ይህ ኦንቶን የሚሉት ምን ዓይነት ጎበዝ ነው፣ ገና ሳይለብስ «አባዬ» ማለት ጀመረ። ስለ ክፍያው የሚከራከሩ መስሎኝ ነበር፤ አያቴም ትንሽ ቆጥቧል ብዬ ታዘብኩት።

ነጩን ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩ እየተንጠባጠበ መጣ። የቤታችን ጉበን ዝቅተኛ ነው፤ እንግዳ ሁሉ ግንባሩን ይመታዋል፣ ከወረዳ የመጣ ሹም እንኳ አልተረፈም። እሱ ጎንበስ ብሎ ገባ። የት ልቀመጥ ሳይል ቀጥ ብሎ ኮፍያው ሥር ሄዶ ተቀመጠ። አባባ ነግሮት ይሆናል አልኩ።

ለሽኝቱ የሚሆነው ድርብ ቂጣ ገና አልተጋገረም፤ ዳቦና ማር፣ እርጎም አቀረብኩለት።

«ብላ አባቴ፤ ይድረስህ» አልኩት፤ እንደዚህ ነው የሚባለው።

«ስምሽ ኡናቪ ነው፣ አይደል?»

«አታውቅም እንዴ? ሙት ሁሉን ያውቃል።»

ሊስቅ ብሎ ተወው። «አውቃለሁ። እዚህ ክንዴ ላይ ነበር የምትተኚው። ጭንቅላትሽ ከዚህ እስከዚህ ነበር።»

«እዚያ ምን ትሠራለህ?» ይህም የሚጠየቅ ነው።

«ድንጋይ እፈልጣለሁ። ከመሬት በታች።»

«አይደለም» አልኩት። «ንብ አነባለሁ ነው የሚባለው። ኦቭሮሲ እንደዚያ ነው ያለችው።»

«ንብ አነባለሁ» አለ።

ማሩ ዳቦው ላይ እየፈሰሰ ጠረጴዛው ደረሰ፤ አልበላም። አያቴ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ውጭ ያያል። ሰውየው አንዴ እሱን አየና ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«ኡናቪ፣ እኔ አባትሽ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አልኩት። «ብላ።»

ሌላ ምን ሊለኝ ይችል ነበር? ለባሽ ሥራው እኮ አባትሽ ነኝ ማለት ነው። ሚሊዮን ጊዜ ቢምልልኝ፣ ጎበዝ ለባሽ ነው ብዬ አደንቀው ነበር። እንባው ሸሚዙ ላይ ሲወርድ፣ ከኦቭሮሲዋ ይበልጣል አልኩ በሆዴ። አያቴ ልጁን አንድም ቃል ሳይከለክለው አፉን የዘጋበት እንደዚህ ነው።

«በቃ» አለ አያቴ። «ኡናቪ፣ አንቺ ትሸኚዋለሽ።»

«እማማ ሳትመጣ?»

«ደሙ አንቺ ነሽ።»

ሸሚዙን አውልቆ ያንን ካፖርት መልሶ ለበሰ። በጓሮ ወጥተን፣ በአጥሮቹ ኋላ፣ እስከ ሜዳው በር እጄን ይዞኝ ሄደ። ፌንጣው ይጮኻል፤ አጃው ሊታጨድ ደርሶ ይሸታል። ኩራቴ ልክ አልነበረውም፤ ይህ የትልልቅ ሴቶች ሥራ ነው። በሩ ላይ ቆሜ እንደሚባለው አልኩት፤ «ሂድ። መንገድህ ነጭ ይሁን። እኛን አትናፍቅ፣ ከእኛም ማንንም አትጥራ። ተመልሰህ አትምጣ።»

«ሌላ ቃል የለም?» አለኝ።

«የለም። ደግሞ ወደ ኋላ እንዳታይ። ካየህ ከቤታችን አንድ ሰው ይሞታል።»

ራሴ ላይ እጁን አስቀመጠ። ከዚያ ሄደ። በአጃው መሃል ትከሻው ብቻ እስኪታይ፣ ቀጥሎም እሱም እስኪጠፋ አየሁት። አንድም ጊዜ ዞር አላለም። እኔ ደግሞ ደንቡን አሳምሮ ጠበቀ ብዬ ደስ እያለኝ እየዘለልኩ ተመለስኩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናቴ ዱቄቱን ይዛ ገባች፤ ሴቶቹ መጡ፣ ምድጃው ተቀጣጠለ። ቂጣው ገና ሲወጣ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆመ፤ የልጥ ጫማ በትከሻው ላይ ያንጠለጠለ፣ ጥርሱ ገጣጣ።

«አባባ፣ ይሄ ማነው?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ኦንቶን ነው።» እጁን ራሴ ላይ ጫነው። «መቃብር ለሌለው ሁለት ይመጣሉ። አንዱ ለሥጋ፣ አንዱ ለነፍስ። የሥጋውን የሸኘ ሰው አያወራውም።»

አመንኩት። ዩሞን እንደማምነው ነበር የማምነው።

እናቴ ለኦንቶን ልትሰጠው ሸሚዙን አነሣች። እጇ ኮሌታው ላይ ቆመ። እርጥብ ነበር። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ከዚያ አያቴን አየችው።

«ማን ለበሰው?»

«ለመለካት ነው» አለ አያቴ፤ እሳቱን እያየ።

እኔ ያላበ ሸሚዝ ስለሆነ የተቆጣች መሰለኝ። አልተቆጣችም። ሸሚዙን ለኦንቶን በራሷ እጅ አለበሰችው፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈችለት፤ ቀስ ብላ። ኦንቶን ከጓዳው ወደ በሩ ሲዞር ግንባሩን ጉበኑ ላይ አጋጨው፤ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እናቴም ሳቀች። ሌሎቹ ሲያቆሙ እሷ ማቆም አቃታት፤ ሴቶቹ ውሃ አጠጧት።

በመከር ሜትሪን አገባች። ኮፍያው ከሚስማሩ ወረደ። ደኑ በወረዳው መዝገብ ረግረግ እንደሆነ ቀረ፤ ጋሪም አልገባበትም።

እኔ በሠርጌ ቀን ነው የሰማሁት። ኦንቶን በቢራ ሞቆት አጠገቤ ተቀምጦ ስለ ለበሳቸው ሙታን ያወራ ነበር። ለእኔ አባት ሁለት ሰው ነው የለበሰለት አልኩት፤ እንደ ክብር ነገር።

«ሁለት?» አለኝ። «አንቺ ሙሽራ ጠጥተሻል። በዚህ ወንዝ ግራና ቀኝ የምለብሰው እኔ ነኝ። መቃብር ኖረውም አልኖረው ለባሹ አንድ ነው። ይልቅ የአባትሽ ሸሚዝ እርጥብ ነበር፤ አንድ ሳምንት አስሎኛል።»

ጉበኑ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ጎንበስ ብሎ ሲገባ። ሙሽራ ሆኜ ተቀምጬ፣ ቂጣውን ከአፌ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

በማግስቱ እናቴን ጠየቅኋት። ላም ታልብ ነበር፤ አላቋረጠችም።

«ሽታውን አውቄው ነበር» አለች።

«ታዲያ ለምን አልሮጥሽም? አጃው ውስጥ እኮ ነበር። እግሩ ደህና አልነበረም፤ ትደርሽበት ነበር።»

ወተቱ ባልዲው ውስጥ ሲመታ ቆየ። «ደክሞኝ ነበር፣ ኡናቪ» አለችኝ።  እስክትሞት ድረስ ሌላ አልጨመረችም።

አያቴ ያን ጊዜ ታውሯል። ታላቁ ሊንደን ሥር ጀርባውን አስደግፎ አገኘሁት። ደኑ ውስጥ ጮኽኩ። ወፎቹ ተነሡ።

«ልጅህ ነበር» አልኩት።

«ልጄ ነበር።» ወዲያው ገባው፤ ለዓመታት ሲጠብቀኝ የኖረ ይመስላል። «ሁለት አደራ ነበረብኝ። አንዱ እግር ነበረው። ዛፍ እግር የለውም፣ ልጄ።»

«እኔስ? በእኔ አፍ ለምን?»

የታወሩ ዓይኖቹን ወደ ድምፄ መለሰ። «ካንቺ በቀር ማንም ሂድ ቢለው አይሄድም ነበር።»

ተፋሁ። እዚያው፣ የዩሞ ዛፍ ሥር። ከዚያ በኋላ እስኪቀብሩት ድረስ አላናገርኩትም።

ደኑ አለ፤ አልዋሽም፣ ያምራል። አሁን ያለው ወጣቱ የጸሎት መሪ፣ «እማማ ኡናቪ፣ ቅር ያለሽ ነገር አለ? ለምን አትሰግጂም?» ይለኛል። ጉልበቴን ነው የማመካኘው። ከዩሞ ጋር ግን ጠብ የለኝም፤ ይህንን ሁሉም ይወቅልኝ። አባቴን አምጣልኝ ብዬ ለመንኩት፤ አመጣልኝ፣ እዛፌ ሥር ድረስ። የነጠቀኝ በመካከላችን ቆሞ የሚተረጉመው ሰው ነው። ስለዚህ አስተርጓሚ ተውኩ። ድንቼን ስኮተኩት ቀና ብዬ፣ የምለውን ራሴ እለዋለሁ። ነፋሱ ይመጣል፣ አይመጣም፤ ለእኔ የተላከ ነው አይደለም ብሎ የሚነግረኝ ሰው አልፈልግም።

በሙታን ቀን ለእናቴ ሻማ አበራለሁ። ለሜትሪ አበራለሁ፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ከእኔ እናት ይልቅ እሱ ነው ድመቶቼን የመገበልኝ። ለአያቴም አበራለሁ፤ ቀጭኑን። ልጄ በየዓመቱ ሻማዎቹን ቆማ ታይና፣ «እማማ፣ ለአያቴ ለያናይስ? አሁን ቢኖር እኮ ከመቶ ዓመት አልፎታል» ትለኛለች።

«ይለፈዋ» እላታለሁ።

ሻማ ካበራሁለት ሂድ ልለው ነው። አንድ ጊዜ ብዬዋለሁ።